ቁንጭር አንድ ቤት ሁለቴ አይገባም

ባለቤቴ በቀኝ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረው። ከጆሮው ዝቅ ብሎ ወደ አፉ የሚያዘነብል፣ ዳር ዳሩ የተኮማተረ፣ መሃሉ ግን ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ነው። ጢም አያበቅልም ነበር። ጠዋት ሲላጭ እዚያ ሲደርስ ምላጩን ያነሳና ከወዲያ ማዶ ያሳርፈዋል። «ጉድጓድ አለ፣ ቀስ» ይላል ለራሱ። ዕድሜውን በሹፌርነት ስለጨረሰ ፊቱንም እንደ መንገድ ነበር የሚያየው።

እኔም አሁን በግራ ጉንጬ ላይ ጠባሳ አለኝ። ይህን የምጽፈው የእኔው ጠባሳ እንዴት እንደመጣ ለመናገር ነው። ግን ስለ እኔ ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ ወደ እሱ ይሄድብኛል። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ። አልቸኩልም። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ እነሳና ማንጎውን አጠጣለሁ።

መርሳ ለማስተማር ተመድቤ በመጣሁ በዓመቱ ነው ሽማግሌ የላከው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ከወልድያ መጣች፣ ልጁን አየችው፣ ተመልሳ ጓዳ ገባችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ልጁ ደግ ነው። ሥራ አለው። አይጠጣም። ፊቱን ግን ቁንጭር በልቶታል።»

«ብዙ ነው?» አልኳት።

«በግራ በኩል ሲታይ ምንም አይልም። በግራው አስቀምጬዋለሁ፤ እንደዚያው እዪው።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። አክስቴ እንዳለችው በግራው ጎን ተቀምጧል። ምን እንደተባለ ሰምቶ ይሁን ገምቶ አላውቅም፣ ቀስ ብሎ ዞረና ጠባሳውን ወደ እኛ አደረገው። «እማማ፣ ዕቃ የሚገዛ ሰው የተጫረውን በኩል ነው የሚያየው» አላት። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ይህን እያነሳች ትስቅ ነበር።

ቁንጭሩ የያዘው በልጅነቱ ነው። ቤታቸው ከመርሳ በላይ፣ ገደሉ ሥር፣ አሁን እኔ የምኖርበት ቦታ ላይ ነበር። እናቱ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ብላ አመነች፤ ያኔ ያላመነ ሰው የለም። የጣራውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃና በእበት ደፈነችው። አባቱ ደግሞ የማጭድ ጫፍ አግሎ ቁስሉን ተኮሰው። ሸኾቹ ዱዓ አደረጉለት። አልድን ሲል እናቱ በበቅሎ ጭና ደጋ ወጣችና ከክርስቲያኖቹ ጋር ፀበል አስጠመቀችው። ከፀበሉ እሱ የሚያስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው። ቁስሉ ግን የመጣ የሄደውን ሁሉ ችሎ ከዓመት በላይ ቆየና አንድ ቀን ማንንም ሳያማክር ደረቀ።

እናቱ ፀበሉ ነው ትላለች። አባቱ ብረቱ ነው ይላል። «እኔ ማን እንዳዳነኝ አላውቅም» ይል ነበር እሱ። «ስለዚህ ሁሉንም አመሰግናለሁ።»

በዚያ ሰፈር ሽማግሌዎች የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ቁንጭር አንድ ቤት ሁለቴ አይገባም። ቤት የሚሉት ሰውን ነው። አንዴ ይዞት የለቀቀውን ሰው ተመልሶ አይነካውም ለማለት ነው። ባለቤቴ ይህን የሚጠቅሰው ሌላ ሰው ሲያማርር ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስበት እንኳ «አብሽሩ፣ እኔ የዕጣዬን በልጅነቴ ጨርሻለሁ» ይላቸዋል ተሳፋሪዎቹን።

ዓይኑ ሲደክም መንዳት አቆመና የአባቱን መሬት ይዘን ወደዚያው ገደል ሥር ወጣን። ልጃችን ወልድያ አግብታ ቀርታለች። ብርቱካኑ በበሽታ ከደረቀ ቆይቷል፤ ማንጎና ፓፓያ ተከልን። መሬቱ ድንጋያማ ነው። ባለቤቴ ድንጋዩን እየለቀመ ከቤቱ ጎን ካብ ካበ። ካቡ እየረዘመ ሲሄድ ጫፉ ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ የድንጋይ መደብ ሠራበት። ከመደቡ ላይ ሆኖ አስፋልቱ ይታያል፣ ከውርጌሳ በኩል የሚመጣው መኪና ሁሉ ይታያል።

ካቡ ገና ሳያልቅ ሽኮኮዎች ገቡበት። ከገደሉ ወርደው በየስንጥቁ ቤት ሠሩ። አመሻሽ ላይ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። እኔ ላባርራቸው ስነሳ «ተያቸው፣ ጎረቤት ናቸው» ይለኛል። የፓፓያ ልጣጭ ይወረውርላቸዋል። አንዷ ወፍራም ነበረች፤ «ሐጃዋ» ነበር የሚላት፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ ስለምትቀመጥ።

ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ እዚያ መደብ ላይ ነበርን። በየቀኑ። ይህ ነበር ኑሯችን ብል ውሸት አይሆንም፤ የቀረው ሁሉ ለዚያ ሰዓት መዘጋጃ ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከታች የሚመጣውን መኪና በድምፁ ይለያል።

«ይሄ ጤፍ ነው የጫነ።»

«በምን አወቅህ?»

«ትንፋሹ ያስታውቃል። ይሄኛው ደግሞ ባዶ ነው፣ ሹፌሩም ሚስቱ ጋ ሊደርስ ቸኩሏል።»

«ውሸትህን ነው።»

«ማን ወርዶ ያረጋግጥብኛል?»

ምሽቱ ሲቀርብ ከካቡ ውስጥ ጥቃቅን ነገር ይወጣል፤ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የሌላት፣ ስትነክስ ግን እንደ ፍም ብናኝ የምታቃጥል። እኔ እጅጌዬን እስከ ጣቴ እስብና ሻርፔን እስከ አፌ አወጣለሁ። እሱ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጣል። «አይነክሱህም እንዴ?» እለዋለሁ። «ይነክሳሉ። ግን እኔን ያውቁኛል» ይላል። እስቃለሁ። ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

የሄደው ድንገት ነው። ከፈጅር በኋላ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልብ ነው አሉ። ዕለቱን ተቀበረ። ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ሲወጡ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። እኔ ፊቴን ከውጭው ግድግዳ ለጥፌ ቆሜ ነበር፤ ግድግዳው ያልተለሰነ ሻካራ ድንጋይ ነው። ከዚያ ማን እንዳነሳኝ አላስታውስም። ጉንጬ ግን ተልጦ ነበር።

ከለቅሶው በኋላ ግራ ጉንጬ ላይ ያለው ነገር አልድን አለ። መጀመሪያ እብጠት ነበር፣ ቀጥሎ መሃሉ ተከፈተ፣ ከዚያ ቅርፊት ያዘ። አያምም። ቅርፊቱ ይወድቃል፣ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይታያል፣ ደግሞ ሌላ ቅርፊት ይይዛል። ከግድግዳው ነው ብዬ ስላመንኩ ማንንም አልጠየቅሁም። ሌላው ሰው ደግሞ የራሱን መልስ አገኘለት።

አንድ ቀን ሴቶች ሊያስተዛዝኑኝ ተቀምጠው ሳለ ጎረቤታችን አሮጊት ሻርፔ ሸርተት ሲል አዩት። ክርስቲያን ናቸው፣ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ። ጠጋ ብለው አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉት።

«ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ባል እንዲህ ነው የሚለቀሰው። የዛሬ ሴት ምን ታውቃለች፣ በስልክ ነው የምታለቅሰው።»

የነጨሁ መስሏቸው ነው። ድሮ ሴት ባሏ ሲሞት ጉንጯን በጥፍሯ እስኪደማ ትነጭ ነበር፤ ቁስሉም የፍቅሯ ምስክር ነበር። የባለቤቴ ታላቅ እህት ከግራና መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። እትዬ ነው የምላቸው። ቀና አሉ።

«ምኑ ነው ደጉ እናቴ? ፊት መንጨት ሐራም ነው።»

«የኛም ቄስ ይከለክላል» አሉ አሮጊቷ። «ግን ቄሱ ባል ሞቶበት አያውቅ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እትዬም ሳቃቸው አመለጣቸውና ቶሎ ብለው «አስተግፊሩላህ» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ሴቶቹ ሲወጡ እትዬ ወደኋላ ቀሩ።

«እውነት ነጭተሽ ነው?»

«አልነጨሁም እትዬ። ግድግዳው ነው።»

«ግድግዳ ይሄን ያህል ይቆያል?»

ሻርፔን መለስ አደረግሁት። እሳቸውም «ወንድሜን ከአፈሩ በታች በለቅሶሽ አታስቸግሪው» ብለው ወጡ።

ልጄ በየሳምንቱ መጨረሻ ከወልድያ እየወረደች «እማ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ትለኝ ነበር። «ዒዳ ላይ ነኝ» እላታለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ከቤቷ አትርቅም። እትዬ ግን ሰምተው «ለሕመም ይፈቀዳል፣ ምን ሰበብ ትፈልጊያለሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰበብ ነበር። ቁስሉ እንዲድን አልፈለግሁም። ከዚያች ዕለት የቀረኝ እሱ ነበር። ልብሱ ለሰደቃ ተሰጥቷል፣ ምላጩን ልጄ ወስዳለች፣ ጫማው ለሰው ደርሷል። ቁስሉ ግን የእኔ ነው፤ ጠዋት ስነሳ በጣቴ ስዳስሰው እዚያው አለ። ቢድን የእሱ መሞት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ዒዳዬ ሲያልቅ ቁስሉ ወደ አፍንጫዬ ተጠግቶ ነበር። ልጄ አልጠየቀችኝም። ሚኒባስ ውስጥ አስገባችኝና በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ።

ወልድያ ባጃጅ ይዘን ሐኪም ቤት ደረስን። የቆዳ ክፍሉ በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከደጋ የመጣ ገበሬ ነው። ፊቱ ሁሉ አብጧል፤ ግንባሩ፣ ጆሮዎቹ፣ አገጩ። እብጠቱ ለስላሳ ነው፣ ቁስል የሚባል ግን አንድ የለውም። አየት አድርጎኝ ሻርፔ ላይ አፈጠጠ።

«አንቺም የዚሁ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። የእኔ ግድግዳ ነው።»

«እሺ። እኔም መጀመሪያ የወባ ትንኝ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ብጉር ሆንኩ።»

ልጄ ሳቀች። ሰውየው በመሳቋ ደስ አለው።

«ያምሃል ወይ?» አልኩት።

«ምንም አያመኝ። ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው እሱ ነው። ሰውነትህ አልተጣላውም ይሉኛል። እኔም የወሎ ሰው ነኛ፣ የመጣውን ሁሉ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ብላ ነው። ይኸው ከነቤተሰቡ ገብቶ ተቀመጠ።»

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ትመስላለች። ከቁስሌ ዳር በስለት ትንሽ ፋቀች፣ በመስታወት ላይ ቀባችው፣ ወጥታ ቆይታ ተመለሰች።

«እናቴ፣ ቁንጭር ነው» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ተቀየምኩ። ሐዘኔን የነጠቀችኝ መሰለኝ። «ቁንጭር የባለቤቴ ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እሷ ሊገባት አይችልም። ልጄ ግን ገባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«መቼ ነው የጀመረዎ?»

«ከቀብሩ ቀን። ጉንጬን ግድግዳ ላጠው።»

«ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ቀስ ብለው ያስቡ። ይህ ነገር ከገባ በኋላ ወራት ተደብቆ ነው የሚወጣው። ገደል፣ የድንጋይ ካብ አጠገብ ይኖራሉ? ሽኮኮ አለ?»

«ጎረቤቶቻችን ናቸው» አልኩ።

«አመሻሽ ላይ ውጭ ይቀመጣሉ?»

 ያን ጊዜ አንድ ምሽት መጣልኝ። እንዴት ረስቼው እንደቆየሁ እስካሁን ይገርመኛል። መደቡ ላይ ነን። ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ወርዳለች፣ አዛን ገና አልተባለም። እሱ እንደወትሮው ዓይኑን ጨፍኖ የመኪና ድምፅ ያዳምጣል። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና አየኝ፣ እጁን አነሳና ሌባ ጣቱን ግራ ጉንጬ ላይ አሳረፈው።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ምኗ?»

«ብጉር አውጥተሻል። በዚህ ዕድሜ።»

«ነክሶኝ ነው። ሐጃዋን ጠይቃት።»

ጣቱን አላነሳም። የሹፌር ጣት ነው፤ ሻካራ፣ ጫፉ ላይ የግሪስ ጥቁረት ዘላለም የማይለቅ። «ቁንጭር እንዳትሆን» አለ። ደግሞ አሰብ አደረገና ሳቀ። «ብትሆንም ምንም አይደል። አንቺ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ጎን ለጎን ስንቀመጥ ዳርና ዳሩን ይዘን መሃሉ ጤነኛ ይሆናል።» አዛኑ ተሰማና ተነሳን። ከመሞቱ ጥቂት ቀድሞ ነው። ቀኑን አላውቀውም፤ እንደ ሌሎቹ ቀኖች አንድ ተራ ቀን ነበር።

ሐኪሟ ጠብቃኝ ነበር። ለልጄ ሳይሆን ለእሷ ነገርኳት፤ ለማያውቁት ሰው መንገር ይቀላል። ስጨርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንግዲህ ከግድግዳው አይደለም» አለች። «እሳቸው በሕይወት እያሉ የገባ ነው። እሳቸውም አይተውታል።»

እነዚህን ቃላት እንደ መድኃኒት ነው ይዣቸው የወጣሁት። ከሞቱ ቀን የመጣ ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ከኑሯችን የመጣ ሆነ። ከዚያ መደብ፣ ከዚያ ሰዓት።

የቀረውን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አስተማሪ እንደነበርኩ ስነግራት ደስ አላትና ወንበሯን አቀረበች። ተህዋሷ በዓይን አትታይም አለች። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣት ያቺ ድምፅ የሌላት ዝንብ ናት። ቆዳ ውስጥ ስትገባ ከሰውነት ጠባቂዎች አንዱ ሮጦ ይውጣታል። እሷ ግን አትሞትም፤ የዋጣት ጠባቂ ሆድ ውስጥ ቤት ሠርታ ትራባለች።

«ታዲያ ማን ያወጣታል?»

«ሌሎች ጠባቂዎች አሉ። እነሱ ያውቋትና ያንን የተኛውን ‹ንቃ፣ ጠላት ሆድህ ውስጥ ነው› ይሉታል። ሲነቃ ራሱ ይገድላታል። ግን ጦርነት ነው፣ የጦርነቱ ሜዳ ደግሞ ቆዳዎ ነው። ይሄ ቁስል ተህዋሷ ብቻ የሠራችው አይደለም እናቴ። የራስዎ ሰውነት ሲዋጋ የተከፈተ ነው።»

ውጭ የተቀመጠው ሰውዬ ትዝ አለኝ። «ያ ሰውዬስ?»

ስለ ሌላ ሰው ማውራት አልፈለገችም፤ በጥቅሉ ብቻ መለሰችልኝ። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ተህዋሷን አያውቃትም። ስለማያውቃት አይዋጋትም፣ ስለማይዋጋት ቁስል የለም፣ ሕመም የለም፤ እሷ ግን በሰላም ትስፋፋለች። እንዲህ ዓይነቱ ለመዳን አስቸጋሪ ነው አለች። እዚያው ሐኪም ቤት የሕመምተኞች ሰውነት እንዴት እንደሚመልስላት የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ፈቃደኛ ከሆንኩ ከደሜ ጥቂት፣ ከቁስሌም ዳር እንደ ጤፍ ቅንጣት ያህል ወስደው ያያሉ።

«እኔ የትኛው ነኝ?» አልኳት።

«ቁስል ስላለዎ ሰውነትዎ እየተዋጋ ይመስላል። ግን ምግብ እንደማይበሉ ልጅዎ ነግራኛለች። እንቅልፍም የለዎም። ሐዘን ጠባቂዎቹንም ያደክማል። አፍንጫዎ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ አልፈልግም ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነው የምፈራው።»

ፈራሁ። ከሞቱ ወዲህ ምንም የምፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰውነቴ እንደዚያ ሰውዬ ዝም ቢልስ? እኔ ራሴ ስንት ወር ዝም ብዬው፣ በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ግባ ተቀመጥ እያልኩት ከርሜያለሁ።

«ጠባሳው ይጠፋል?» አልኳት።

«ይቅርታ፣ አይጠፋም። ይቀራል።»

«እንግዲያስ ውጉኝ፤ ደሙንም ውሰዱ» አልኩ።

ሐኪሟ እስከዚያ ቀን ጠባሳ ይቀራል መባሉ የሚያስደስታት ሴት አይታ አታውቅ ይሆናል። ልጄ ግን አልተገረመችም።

መርፌው በቁስሉ ዙሪያ ነው የሚወጋው፣ ያማል። ወልድያ ከልጄ ጋር ሆኜ ተመላለስኩ። ልጄ በጠዋት ገንፎ ሠርታ እስክጨርስ ከፊቴ አትነሳም ነበር። «ለአንቺ አይደለም፣ ለጠባቂዎቹ ነው» ትለኛለች። ቀልዷ የአባቷ ነው። በላሁ። እንቅልፍም ቀስ በቀስ መጣ። ያን የደጋ ሰውዬ በር ላይ ሳገኘው «ግድግዳዋ እንዴት ናት?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የእሱ መድኃኒት ረጅም ነው፣ መመላለሱን ግን አላቋረጠም። «እንግዳው ለመሄድ ጫማውን እየፈለገ ነው» አለኝ በመጨረሻ ያየሁት ቀን፤ እውነትም ጆሮዎቹ ቀለል ብለው ነበር።

የደሜ ነገር ሲታወቅ ሐኪሟ ጠርታ ነገረችኝ። ጠባቂዎቹ ተህዋሷን ሲያሳዩዋቸው በደንብ ተነስተዋል፤ አውቀዋታል። «ደክመው ነበር እንጂ አልተኙም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፣ ቅርፊቱ ወድቆ ሥሩ ደረቅ ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ስታየኝ ያንን የሽማግሌዎች አባባል ነገርኳት፤ ቁንጭር አንድ ቤት ሁለቴ አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው አለች። ጠባቂዎቹ አንዴ ያወቁትን ስለማይረሱ ተመልሳ ብትመጣ ቶሎ ይደርሱባታል። «ግን ይህን ሰምተው እንዳይዳፈሩ» አለችኝ። «አጎበር ይጠቀሙ።»

መርሳ ስመለስ እትዬ ከግራና መጥተው ጠበቁኝ። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ፣ ብዙ አዩኝ።

«እሱን መሰልሽ» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ገብተው ሶላታቸውን ሰገዱ።

ልጄ ካቡ ይፍረስ አለች። ልጆቿ ለዕረፍት ሲመጡ የሚጫወቱት እዚያ ነው፣ የእነሱ ሰውነት ገና ምንም አያውቅም። ትክክል ነው። ሠራተኛ ጠርተን ከቤቱ ጎን ያለውን አስፈረስን፤ ድንጋዩ ከማሳው ማዶ ገደሉ ሥር ተወሰደ። ሽኮኮዎቹም ተከትለውት ሄዱ። መደቡ ሲቀር «እሱንስ?» አለችኝ ልጄ። «እሱ ይቆይ» አልኳት። እሺ አለች፣ ግን ልጆቹ ሲመጡ ከዐስር በኋላ ማንም ደጅ እንዳይቀመጥ አስማለችኝ። ምያለሁ፤ ሲመጡ በጊዜ በር እንዘጋለን።

ልጆቹ ትናንት ሄዱ።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ፓፓያ ልጬ መደቡ ላይ ወጣሁ። ሁልጊዜ በምቀመጥበት በኩል ነው የተቀመጥኩት፤ የእሱን ቦታ ትቼ። ከማሳው ማዶ አዲሱ ክምር ላይ ሽኮኮዎቹ ወጥተዋል፣ ሐጃዋ ከፊት ናት፣ ወይም ሐጃዋ ትመስለኛለች። ልጣጩን ወረወርኩ፣ ግን እዚያ ድረስ አይደርስም። ከውርጌሳ በኩል አንድ መኪና እያቃሰተ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጤፍ ነው» አልኩ። ማን ወርዶ ያረጋግጥብኛል።

ብርሃኑ ሲቀንስ አንዲት ትንሽ ነገር ድምፅ ሳታሰማ ክንዴ ላይ አረፈች። እጅጌዬን አልሳብኩም።